ቀርከሃን የሳለው የፍትሕ ሚኒስትር

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም



ይህ ዓምድ የሰው ሕይወት የሚተረክበት ነው። ብዙ ጊዜ ከሶሓቦች፣ ከዑለሞች ወይም ከወሎ ሸኾቻችን ታሪክ እንጀምራለን። ዛሬ ግን ራቅ ብለን ቻይና እንገባለን። የምናነሳው ሰው ጋኦ ከጎንግ ይባላል። የጦር መሪ አልነበረም፤ በኪታብ ማስቀራትም አይታወቅም። የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ከተራ ጸሐፊነት ተነስቶ የፍትሕ ሚኒስትር እስከመሆን ደረሰ። ከቢሮ ሲወጣ ደግሞ በጥቁር ቀለም ቀርከሃና ተራራ ይሥል ነበር። ከሞተ ከ700 ዓመት በላይ አልፏል፤ ሥዕሎቹ ግን ዛሬም በቤጂንግና በታይፔ ሙዚየሞች እንደ ትልቅ ሀብት ይጠበቃሉ።

ለምን እሱን መረጥን? ሁላችንም ኢንሻአላህ ነገ ተመርቀን አንድ ወንበር ላይ እንቀመጣለን። አንዳችን ሐኪም፣ አንዳችን ዳኛ፣ አንዳችን የወረዳ ባለሙያ እንሆናለን። ወንበሩ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ ከእኛ በታች የሚቆም ሰው መኖሩ አይቀርም። ጋኦ ከጎንግ በዚህ ፈተና ውስጥ ያለፈ ሰው ነው። ያለፈበትን መንገድ ለመረዳት ግን መጀመሪያ የሳላቸውን ዕፅዋት ቋንቋ ማወቅ ያስፈልገናል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከምዕራብ የመጣ ቤተሰብ

ጋኦ በ1248 ተወለደ። በዚያን ጊዜ በእኛ ላስታ የዛጉዌ ነገሥታት ገና በዙፋናቸው ነበሩ። እሱ የ22 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በ1270፣ መንግሥት ከዛጉዌ እጅ ወጥቶ ወደ ይኩኖ አምላክ ተሻገረ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የጄንጊስ ኻን የልጅ ልጅ ኩብላይ ኻን በቻይና የዩዋን ሥርወ መንግሥት መመሥረቱን አወጀ። በሁለቱ አገሮች መካከል ብዙ ባሕርና በረሃ አለ፤ ነገር ግን ላስታም ቻይናም ያለ ሰው በአንድ ወቅት አዲስ ገዥ ሲመጣ አይቷል።

ሞንጎሎች ከመካከለኛው እስያ እስከ ቻይና ያለውን ምድር ሲይዙ ብዙ ሙስሊሞች ወደ ምሥራቅ ሄዱ። አንዳንዱ ተማርኮ፣ አንዳንዱ ለንግድ፣ አንዳንዱም ተሹሞ ነበር። የቡኻራው ሰይድ አጀል ሸምሱዲን ዑመር ከ1274 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1279 ድረስ የዩናንን ግዛት አስተዳደረ። ጀማሉዲን የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1267 የሰማይ መለኪያ መሣሪያዎችን ለኩብላይ አቀረበ። ዛሬ ቤጂንግ የምንላት ዋና ከተማ ስትቆረቆር ኢኽቲያሩዲን የሚባል መሐንዲስ በግንባታው ተሳትፏል። በደቡብ ያለው የሀንግጆ ከተማ መስጊድም በዚሁ በዩዋን ዘመን እንደገና ተሠራ።

የጋኦ ቤተሰብም ከምዕራብ ከመጡት ወገን ነው። የዘመኑ ጸሐፊዎች አባቶቹ የምዕራብ አገር ሰዎች እንደነበሩ መዝግበዋል። ዛሬ የቻይና ሙስሊሞችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎችም ሁዌይ ከሚባለው ሕዝብ ታላላቅ ሰዎች ተርታ ያስቀምጡታል። ቤተሰቡ መጀመሪያ ዳቶንግ በምትባል የሰሜን ከተማ ሰፈረ፤ ኋላ ወደ ዋና ከተማው አካባቢ ተዛወረ። አባቱ ጋኦ ሄንግ የቻይናን ጥንታዊ መጻሕፍት ጠንቅቆ የተማረ ሰው ነበር፤ ለልጁም ያንኑ ትምህርት አስተላለፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ከሩቅ ለመጣ ቤተሰብ ልጅ የአገሩን ቋንቋ ለገበያና ለቢሮ ያህል መቻል ይበቃው ነበር። ጋኦ ግን የአገሩ ሰው ሐዘኑን፣ ተስፋውንና ክብሩን የሚገልጽበትን ቋንቋ ጭምር ተማረ። ያ ቋንቋ በግጥም ብቻ የሚነገር አልነበረም፤ በዕፅዋት ሥዕልም ይነገር ነበር።

ዕፅዋት የሚናገሩበት ሥዕል

በቻይና፣ በኮሪያና በጃፓን የቀለም ሥዕል ውስጥ አራት ዕፅዋት ልዩ ቦታ አላቸው። በኋለኛው ዘመን አራቱ ጨዋዎች የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። የመጀመሪያው የፕለም አበባ ነው፤ በረዶ ገና ከመሬት ሳይነሳ፣ በቅጠል አልባ ቅርንጫፍ ላይ ያብባል። ስለዚህ በችግር መካከል ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ምሳሌ ሆነ። ሁለተኛው ኦርኪድ ነው፤ ሰው በማይደርስበት ሸለቆ በቅሎ መዓዛውን ይሰጣል። የሚያሸትተው ባይኖርም መዓዛውን አይቀንስም። እኛ ኢኽላስ የምንለውን፣ ለታይታ ያልሆነ ሥራን፣ እነሱ በኦርኪድ ይመስሉታል። ሦስተኛው ክሪሳንተመም ነው፤ ሌሎች አበቦች ሲረግፉ ውርጭ ሲጀምር ያብባል። ሹመቱን ትቶ ወደ እርሻው ከተመለሰው ከጥንቱ ገጣሚ ከታኦ ዩዋንሚንግ ጋር ስሙ ተያይዞ ይነሳል።

አራተኛው ቀርከሃ ነው። ቀርከሃን እንጅባራ አካባቢ ያለፈ ሰው በደንብ ያውቀዋል፤ ወንበር፣ መሰላል፣ ቅርጫት፣ አጥር ይሆናል። የቻይና ሊቃውንት ግን ከጥቅሙ በላይ ጠባዩን አዩ። ነፋስ ሲመጣ ይጎነበሳል፤ ነፋሱ ሲያልፍ ይቃናል። ብርድ ቢበረታም ቅጠሉ አረንጓዴ ነው። ውስጡ ክፍት ነው፤ ይህን ኪብር የሌለበት ልብ ምሳሌ አደረጉት። አገዳው ደግሞ በየስንዝሩ አንጓ አለው። በቻይንኛ የአንጓና የሰው ጽናት መጠሪያ አንድ ቃል ነው። ስለዚህ አንድ ቻይናዊ የቀርከሃ አንጓ ሲያይ ሰው ሊያልፈው የማይገባውን ወሰን ያስታውሳል።

ይህ አነጋገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በሱረቱ ኢብራሂም መልካም ቃል ሥሩ በጸና፣ ቅርንጫፉ ወደ ሰማይ በወጣ መልካም ዛፍ ተመስሏል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሙስሊምን ቅጠሉ በማይረግፈው በተምር ዛፍ እንደመሰሉት በሐዲስ ተምረናል። ከሁሉም በላይ ለቀርከሃ የሚቀርበው ሌላው ሐዲስ ነው። በዚያ ሐዲስ ሙእሚን ነፋስ ወዲያና ወዲህ እያጎነበሰው መልሶ በሚቃና ለምለም ቡቃያ ተመስሏል፤ ሙናፊቅ ደግሞ ሳይነቃነቅ ቆይቶ በአንድ ጊዜ ከሥሩ በሚነቀል ጠንካራ ዛፍ ተመስሏል። ቻይናዎቹ ቀርከሃውን አይተው፣ እኛ ከሐዲሱ ሰምተን፣ አንድ ትምህርት ላይ ተገናኝተናል።

በእኛም ሰፈር ዕፅዋት ከጌጥ አልራቁም። በግዕዝ ብራና መጻሕፍት ራስጌ ላይ የሚሳለው ጌጥ ስሙ ሐረግ ነው፤ ዛፍ ላይ ከምትጠመጠመው ተክል የተወሰደ ስም ነው። ላሊበላ አካባቢ ያደግን ሙስሊሞች የጎረቤቶቻችንን ቅርስ እያየን ነው ያደግነው፤ እጅ በድንጋይና በብራና ላይ ምን ያህል መታገሥ እንደሚችል ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን።

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች ሥዕል ለሙስሊም ይፈቀዳል ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ዝርዝሩ የዑለሞች ነው። በሶሒሕ ሐዲስ የተላለፈውን የኢብኑ ዐባስን (ረ.ዐ.) ምክር ግን እናስታውስ። በእጁ ሥራ የሚተዳደር አንድ ሠዓሊ ሊጠይቃቸው ቢመጣ፣ መሥራትህ ካልቀረ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር ሥራ ብለው መርተውታል። በጋኦ ስም እስከ ዛሬ የሚታወቁት ሥራዎች ተራራ፣ ደመና፣ ዛፍ፣ ድንጋይና ቀርከሃ ናቸው።

ጥላሸትና ውሃ

የዚህ ሥዕል ዕቃ በጣም ጥቂት ነው። ጥድ ተቃጥሎ ጥላሸቱ ይሰበሰባል፤ ከሙጫ ጋር ተለውሶ እንደ ጣት ባለ ዱላ ይደርቃል። ሠዓሊው ዱላውን በድንጋይ ላይ ከውሃ ጋር ፈጭቶ ቀለሙን ያወጣል። ከእንስሳ ፀጉር የተሠራ ብሩሽ፣ ወረቀት ወይም ሐር፣ ሌላ ምንም የለም። በወሎ ደረሳዎች ዘንድ ሉህ ላይ የሚጻፍበት ቀለም ከጥላሸት፣ ብዕሩም ከመቃ መሆኑን የሚያውቅ አንባቢ ይህን ዕቃ እንግዳ አያደርገውም።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሉህ ይታጠባል፤ የቻይና ወረቀት ግን አይታጠብም። ቀለሙ እንደነካው ይሰርጋል፤ መሰረዝ፣ መደለዝ የለም። አንድ ቅጠል በአንድ ምት ይሳላል። ምቱ ሲጀምር ወፍራም፣ ሲያልቅ እንደ መርፌ ቀጭን ይሆናል። አገዳው ከአንጓ አንጓ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል፤ አንጓው ላይ ብሩሹ ትንሽ ይቆማል። የእጁ አሠራር ከጽሕፈት አሠራር ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ ኸጡ ያላማረ ሰው ቀርከሃ መሣል አይችልም ይባል ነበር። ከጋኦ ሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖረው ዌን ቶንግ የቀርከሃ ሥዕል አባት ተደርጎ ይቆጠራል። ከእሱ የተማሩት እንደሚሉት ሠዓሊ መጀመሪያ ቀርከሃውን ሙሉ አድርጎ በልቡ ማብቀል አለበት፤ እጁ የሚያወጣው በልቡ ያለውን ነው።

ጋኦ ቀርከሃን የተማረው በ1202 ከሞተው ከዋንግ ቲንግዩን ሥራዎች ነው። ተራራና ደመናን ደግሞ ከሚ ፉና ከልጁ ከሚ ዮውረን ተማረ። እነዚህ አባትና ልጅ ተራራን በመስመር አጥረው አይሥሉም፤ በውሃ የራሰ የቀለም ነጠብጣብ እየደራረቡ ከጉም ውስጥ ያወጡታል። ሐምሌ ላይ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጉሙ ወገቡን ሲይዘው ጫፉ ብቻውን አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፤ ትንሽ ቆይቶ ጫፉ ይጠፋና ግርጌው ይታያል። የጋኦ ተራሮችም እንደዚያ ናቸው።

አንድ ወንበር፣ ሁለት ሰው

ጋኦ በ1275፣ በ27 ዓመቱ፣ በሥራዎች ሚኒስቴር ጸሐፊ ሆኖ ተቀጠረ። በተከታዩ ዓመት የደቡቡ የሶንግ መንግሥት ዋና ከተማ ሀንግጆ ለሞንጎሎች እጅ ሰጠች፤ በ1279 ደግሞ የመጨረሻው የሶንግ ንጉሥ ሕፃን ሳለ በባሕር ጦርነት ጠፋ። ቻይና በሙሉ በኩብላይ እጅ ገባች።

ዩዋኖች ሕዝቡን በአራት ደረጃ ከፈሉት። ከላይ ሞንጎሎች፤ ቀጥለው ከምዕራብ የመጡት ወገኖች፤ ከዚያ የሰሜን ቻይናዎች፤ ከሁሉም በታች በመጨረሻ የተሸነፉት የደቡብ ሰዎች። ሹመትም፣ ቅጣትም፣ የፍርድ ቤት ሚዛንም በዚህ ደረጃ ይለያይ ነበር። ጋኦ በትውልዱ ሁለተኛው እርከን ላይ ነው። ያልለፋበት ዕድል ነው፤ በዕድሉ ምን እንደሚያደርግበት ግን የሚጠየቀው እሱ ነው።

በዚያው እርከን ላይ የነበረ ሌላ ሰው አለ፤ አሕመድ አል-ፈናከቲ ይባላል። እሱም ከመካከለኛው እስያ የመጣ ሙስሊም ነበር። ከ1262 ጀምሮ ለ20 ዓመት ያህል የኩብላይን ግምጃ ቤት መራ። ግብር አከበደ፣ ዘመዶቹን ሾመ፣ ሀብት አከማቸ። በ1282 በሴራ ተገደለ፤ ኩብላይም የሠራውን ሲሰማ አስከሬኑን ከመቃብር አስወጥቶ ንብረቱን ወረሰ። አንድ ሰው በአማና ላይ ሲያጎድል ጉዳቱ እሱ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሕዝቡ ከምዕራብ በመጡት ሁሉ ላይ ቂም ያዘ። ወቅቱ ለሙስሊሞች በሌላም በኩል ከባድ ነበር። በ1280 ኩብላይ በኢስላም ሥርዓት ማረድን ከልክሎ እገዳው ሰባት ዓመት ያህል ቆይቷል።

ጋኦ በእነዚህ ዓመታት ከታች ወደ ላይ እየተራመደ ነበር። በመንግሥት ሥራ ላይ ተቆጣጣሪ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ተልኮ በሀንግጆ ሠራ። ሀንግጆ የተሸነፈው መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። በከተማዋ ሥራ ያጡ፣ ክብራቸው የወረደ ሊቃውንት ተሰብስበው ነበር። ከድል አድራጊዎቹ ወገን ለተላከ ሹም እነሱን መናቅ ቀላል ነበር፤ ሕጉም ይደግፈዋል።

እሱ ግን ተቀመጠና አብሯቸው ሣለ። ቋንቋቸውን ያውቃል፤ ግጥማቸውን ያውቃል፤ ቀርከሃ ሲሥል አንጓው ምን እንደሚል ይገባዋል። ከእነሱ ጋር እኩል የሆነው በሹመቱ አይደለም፤ በእጁ ሙያና በአደቡ ነው። ወዳጅነቱም በወረቀት ላይ አልቀረም። ከሀንግጆ ሊቃውንት ብቃት ያላቸውን ለይቶ መንግሥት እንዲቀጥራቸው ስማቸውን ለቤተ መንግሥት አቀረበ። ከእነዚያ አንዱ ዴንግ ዌንዩዋን ነበር። ከአራቱ እርከን ሁለተኛው ላይ የቆመ ሰው አራተኛው ላይ ላሉት እጁን ዘረጋ ማለት ነው። ጋኦ ከሞተ በኋላ የሕይወት ታሪኩን የጻፈውም ይኸው ዴንግ ነው። ዛሬ ስለ ጋኦ ብዙ ነገር የምናውቀው እሱ ከፍ ያደረገው ሰው ስላልረሳው ነው።

ሁለቱን ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ስናያቸው ትምህርቱ ግልጽ ይሆናል። አሕመድና ጋኦ በአንድ እርከን ላይ ቆመዋል፤ ያገለገሉትም አንድ ንጉሥ ነው። አንዱ እርከኑን ረግጦ ወደ ላይ ብቻ ወጣ። ሌላው በእርከኑ ላይ ቆሞ ከታች ያለውን ሳበ። ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ነው የሚለው ምሳሌ የሚፈተነው ሰው ሲደኸይ አይደለም፤ ሲሾም ነው።

ሥር የሌለው ኦርኪድ

ይህን ስንል ሁሉም ሰው ጋኦን ይወድ ነበር ማለታችን አይደለም። በዚያው ዘመን ዤንግ ሲሺያኦ የሚባል ሠዓሊ ነበር። የሶንግ መንግሥት ከወደቀ በኋላ ለአዲሱ ገዥ አልሠራም አለ፤ ስሙንም ለጠፋው መንግሥት ታማኝነቱን በሚገልጽ መንገድ ለወጠው። ኦርኪድ ሲሥል ሥሩን ባዶ አየር ላይ ይተወዋል፤ አፈር አይሥልም። ምክንያቱን ሲጠየቅ አፈሩ እንደተዘረፈ ይናገር ነበር ይባላል። በ1306 የሳላት አንዲት ትንሽ ኦርኪድ ዛሬ በጃፓን ኦሳካ ሙዚየም ትገኛለች፤ ጥቂት ቅጠልና አበባ ብቻ ናት፤ የአንድ አገር ሐዘን ግን ተሸክማለች።

በሌላ በኩል የጋኦ የቅርብ ወዳጅ ዣኦ ሜንግፉ ነው። እሱ ከሶንግ ነገሥታት ዘር የተወለደ ሰው ነው፤ በ1286 ግን የኩብላይን ጥሪ ተቀብሎ ሠራ። ብዙዎች ነቀፉት። ሚስቱ ጓን ዳኦሼንግም በቀርከሃ ሥዕል ስሟ የገነነ ነበረች፤ በዚያ ዘመን ሴት በዚህ ሙያ እንዲህ ስትታወቅ ብርቅ ነገር ነው። ሦስተኛው ወዳጅ ሊ ካን ነው፤ ቀርከሃን በየአገሩ እየዞረ አጥንቶ ትልቅ መጽሐፍ ጽፎበታል።

ቀርከሃ ይጎነበሳል፤ የዤንግ ኦርኪድ አልጎነበሰም። ማን ልክ ነበር? መጎንበስ አንዳንድ ጊዜ ፍርሃት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ሶብር ነው። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። የሚለያቸው አንጓው ነው። ነፋስ ሲያጎነብሰን የማናልፈው ወሰን በውስጣችን ካለ መጎንበሱ ሶብር ይሆናል፤ ወሰን ከሌለን ግን እንደ ሣር መተኛት ነው። የጋኦ አንጓ በሥራው ታየ፤ ለአዲሱ መንግሥት ሲሠራ የተሸነፈውን ሰው አላዋረደም። ዤንግ ደግሞ አንጓውን በእምቢታው አሳየ። ሁለቱም ዕፅዋት በአንድ ዘመን አፈር፣ ወይም አፈር በማጣት፣ በቀሉ።

ጋኦን መልአክ አድርገን አናቀርበውም። የዘመኑ ጽሑፎች እንደሚነግሩን ወዳጅ ሲመጣና የወይን ግብዣ ሲሞቅ ብሩሽ ማንሳት ይወድ ነበር። ይህንን ከእሱ አንወስድም፤ ሐራም ሐራም ነው። ይልቅ እንደ ማስጠንቀቂያ እንየው። የሰውን ቋንቋና ሙያ መማር ጥሩ ነው፤ ከማዕዱ ግን ምን እንደምናነሳና ምን እንደምንተው ማወቅ ያስፈልጋል። ከትውልድ ትውልድ የሚጠፋው ነገር አንድ ቀን በጩኸት አይጠፋም፤ በየግብዣው ትንሽ ትንሽ ይቀነሳል። በራሱ ሥራም ይኮራ ነበር። የዣኦ ቀርከሃ መንፈስ አለው፣ መልክ ግን ይጎድለዋል፤ የሊ ካን ቀርከሃ መልክ አለው፣ መንፈስ ይጎድለዋል፤ ሁለቱን ያሟላሁ እኔ ነኝ ብሎ እንደተመጻደቀ ይወራል። ወዳጆቹ ግን አልተቀየሙትም። ዣኦም ሊም በሥዕሎቹ ላይ በእጃቸው ጽፈውለታል።

የመጨረሻው ተራራ

ጋኦ በኋላ ወደ ሰሜን ተመልሶ በልዩ ልዩ ሚኒስቴሮች ሠራ፤ በመጨረሻም የፍትሕ ሚኒስትር ሆነ። በዩዋን ዘመን የዚያ ወንበር ባለቤት በእስረኞች፣ በምርመራና በቅጣት ላይ ቃሉ ከባድ ነበር።

ከሥራዎቹ ሁለቱን እናንሳ። አንደኛው በቤጂንግ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ያለው የቀርከሃና የድንጋይ ሥዕል ነው። ከድንጋይ ኋላ ሁለት ቀርከሃዎች ቆመዋል። አንዱ በደማቅ ቀለም፣ ሌላው በውሃ በቀጠነ ቀለም ተስሏል። ደማቁ ወደ እኛ ይቀርባል፤ ፈዛዛው ወደ ጉሙ ይሸሻል። ሌላ ምንም የለበትም። ዣኦ ሜንግፉ ሥዕሉ ላይ ግጥም ጽፎበታል።

ሁለተኛው በታይፔ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የሚገኘው የተራራና የደመና ሥዕል ነው። በሐር ላይ የተሠራ፣ ቁመቱ ከረጅም ሰው ቁመት ጋር የሚተካከል ነው። ከታች ወንዝና ዛፎች አሉ፤ መሐል ላይ ነጭ ደመና ተራራውን እንደ መቀነት ይከብበዋል፤ ከላይ ጫፉ በጽናት ቆሟል። ሊ ካን በ1309 በላዩ ላይ ጽፎበታል፤ ዴንግ ዌንዩዋንም ጽሑፉን አክሎበታል። አንድ ሥዕል ላይ የሦስት ሰው እጅ አለ፤ ከምዕራብ የመጣ ቤተሰብ ልጅ፣ የሰሜን ሰው፣ የደቡብ ሰው። ሕጉ በተለያየ እርከን ያስቀመጣቸው ሰዎች በአንድ ሐር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1310፣ ጋኦ በ62 ዓመቱ አረፈ። ከእሱ በኋላ የመጡ ሰዎች የዘመኑን ሠዓሊዎች ሲመዝኑ ከደቡብ ዣኦን፣ ከሰሜን ጋኦን ያነሱ ነበር።

ለእኛ

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚህ ሕይወት የምንወስደው ብዙ ነው፤ እኛ ሦስት ነጥብ እንያዝ። አንደኛ፣ አብሮን የሚኖረውን ሰው የልቡን ቋንቋ መማር ዲንን አይቀንስም። የጎረቤትን ታሪክ፣ ሙያና ወግ የማያውቅ ሰው ለጎረቤቱ ሊመሰክርለትም ሊቆምለትም አይችልም። እኛ ወሎዬዎች ይህን ከወላጆቻችን ተምረናል፤ ግቢ ስንገባ መርሳት የለብንም። ሁለተኛ፣ ያገኘነው እርከን አማና ነው። ነገ ቅጥር ስንፈርም፣ ውጤት ስንሞላ፣ ጉዳይ ስንፈጽም፣ ከታች የቆመው የእኛ ወገን ባይሆንም ሐቁን ማድረስ ግዴታችን ነው። ሦስተኛ፣ የማናልፈውን አንጓ ከሹመት በፊት እንወቀው። ከተሾምን በኋላ መፈለግ ከጀመርን ነፋሱ ይቀድመናል።

ቀርከሃ በብዛት በጎጃምና በደቡብ ደጋዎች ነው፤ የላስታ ከፍታ ግን ጅብራ አለው። አቡነ ዮሴፍ ላይ፣ አስታው እየሳሳ ጓሳው በሚበዛበት ቦታ፣ ብቻውን ቆሞ ይታያል። ሌሊት ውርጭ ሲወርድ ቅጠሎቹን ወደ ውስጥ ሰብስቦ እምቡጡን ይጠብቃል፤ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ መልሶ ይዘረጋል። ብዙ ዓመት አድጎ አንድ ጊዜ ያብባል፤ ዘሩን በትኖ ይደርቃል። ብዙ የቀርከሃ ዓይነቶችም እንዲሁ ናቸው፤ በብዙ አሥርት ዓመታት አንድ ጊዜ አብበው ይሞታሉ።

እኛም በዚህ ዓለም የምናብበው አንድ ጊዜ ነው። ጅብራን በጥላሸትና በውሃ የሚሥል ወንድም ወይም እህት ከመካከላችን ከተነሳ ሥዕሉን በዚህ መጽሔት ለማውጣት ዝግጁ ነን። የማይሥል ደግሞ የጅብራውን ትምህርት ይያዝ፤ ውርጭ ሲመጣ መሰብሰብ፣ ብርሃን ሲመጣ መዘርጋት፣ ዘሩን ለሌላ ሰው ትቶ ማለፍ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሥራችንን በኢኽላስ፣ ወንበራችንን በዐድል ያድርግልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።